ጥሪው የልጁ ነው፤ ወላጅ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎቻቸውን የሚጠሩበት፣ የጥሪ ማስታወቂያ ሰሞን ነው። እኔ ጅማ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲው በር ብዙም የማይርቅ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ነጭ አቡጀዲ የተወጠረበት የፎቶ ጥግ። ዓመቱን ሙሉ አሳይመንት አትማለሁ። በምዝገባ ሰሞን ግን ዋናው ሥራዬ ሰው ማረጋጋት ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ነገር ለጥፌ ነበር። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ አትምጡ፤ ጥሪው ልጁን እንጂ ቤተሰቡን አይጠራም አልኩ። ምክንያቴንም ጻፍኩ። ልጁ ሱቄ ይገባል። ሙሉ ስምህን ንገረኝ እለዋለሁ። እናቱ ይመልሳሉ። የትኛው ወረቀት ነው ኮፒ የሚደረገው ስለው አባቱ ፌስታሉን ይፈታሉ። ልጁ ስልኩ ላይ ነው። ፎቶ ላነሳው ስል እናት ኮሌታውን ያቃናሉ፣ አባት ቀና በል ይሉታል፣ እኔ መብራቱን አስተካክላለሁ። ለአንድ ጉርድ ፎቶ ሦስት ሰው! ይሄ ልጅ ነገ ሬጅስትራር መስኮት ላይ ብቻውን ሲቆም ምን ይውጠዋል? ብዬ ጨረስኩ።

አርባ መልስ መጣ። ይህን ያህል ሰው ይቆጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። አሁን አዲስ የሚገቡ ሰዎች ያንኑ ጥያቄ እየደጋገሙ ስለሆነ፣ መልሶቹን ከላይ እስከ ታች አንብቤ በራሴ አነጋገር እነሆ ብያለሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለበጥኩም። የደከሙትን ዘልዬአለሁ።

መልስ 1። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ደገፈኝ። እናቱ አብረውት መጥተው ሦስት ቀን ፔንሲዮን ይዘው ከርመዋል። በየጠዋቱ እስከ ግቢው በር ዳቦ ይዘውለት ይመጡ ነበር። የዶርም ልጆች እስካሁን በስሙ አይጠሩትም፤ የማሚ ልጅ ነው የሚሉት። በሳቅ ነው የጻፈው፤ ግን ትንሽ የቆረቆረው ይመስላል።

መልስ 2። ታናሽ ወንድሟ ጅማ የደረሰው እህት ናት። በጣም በትሕትና ነው የጻፈችው። ክርክሩን ትታ ምን ምን ወረቀት ይያዝ ብላ ጠየቀች። መልስ 3 የእኔ ነው። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፤ ዋናውም ኮፒውም። 3 በ 4 የሆነ ጉርድ ፎቶ። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ብዛቱ ጥሪው ላይ አለ፤ እሱን አንብቡ አልኳት።

መልስ 4። አረመኝ። የፋይዳ ቁጥርን ረስተሃል አለ፤ ልክ ነው፣ ረስቻለሁ። ቀጥሎ ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ ያለችውንና ሁሉም ሰው የሚዘላትን መስመር አስታወሰን፤ ከተጠቀሰው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የመጣ ተማሪ አይስተናገድም የምትለዋን። ሰው የሚፈራው መዘግየትን ብቻ ነው። እሱ ግን በራሱ ጊዜ፣ ሌላ ከተማ፣ ሁለት ቀን ቀድሞ ሄዶ በሩ አልተከፈተለትም። ብርድ ልብሱ ቦርሳው ውስጥ ስለነበረ ብቻ መናኸሪያ አግዳሚ ላይ አድሮ ተረፈ።

መልስ 5። እዚህ ላይ ነገር ከረረ። ኮፒ ቤት ያለው ሰው ወላጅ አይምጣ የሚለው ልጁን ብቻውን አግኝቶ ዋጋ ሊቆልልበት ነው አለ አንዱ። ማስታወቂያ እየሠራ ነው፣ ይጥፋ አለ።

መልስ 6። እኔ ነኝ። አዎ፣ ከዚህ ሥራ እበላለሁ፤ አልደበቅኩም። እንዲያውም አንድ ነገር ልናዘዝ ብዬ የዛሬ ሁለት ዓመቱን ጻፍኩ። አንድ ልጅ የ8ኛ ክፍል ካርዱን ዋናውን አምጥቶ ላሚኔት አድርግልኝ አለኝ። እንዳይቀደድበት አስቦ ነው። እኔም ሳላስብ ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ሲወጣ ወይን ጠጁ ማኅተም በሙቀቱ ሟሙቶ በትምህርት ቤቱ ስም ላይ ፈሷል። ፊደሉ አይነበብም። ልጁ አላለቀሰም፤ ዝም ብሎ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። ደብዳቤ ለማጻፍ ወደ አገሩ መመለስ ነበረበት፤ የመሳፈሪያውን እኔ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ዋና ወረቀት ላሚኔት አላደርግም። እናንተም አታስደርጉ።

ከመልስ 7 እስከ 10 ስለ መንገድ ነው። አንዱ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ጻፈ። አየር ጤና መናኸሪያ ከንጋቱ 11 ሰዓት መገኘት፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን ማወቅ፣ ወልቂጤን አልፎ ግቤ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ስለሚበረታ ውኃ መያዝ። ሌላው ደግሞ አውሮፕላን አለ አይደል፣ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ምን ሊያደርግ ተሠራ አለ። ወዲያው ሳቁበት። ብርድ ልብስ ከጎረቤት ተውሶ ለሚመጣ ልጅ አውሮፕላን መምከር ምን ይባላል አሉት። እሱም አኩርፎ ወጣ።

ከነዚህ ሁሉ የሚጠቅመው መልስ 9 ነው። ባጃጅ ነጂ ነው፤ መናኸሪያ ይሠራል። ልጆቹ ሲወርዱ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው የሚሉት። የትኛው ግቢ ሲላቸው ይደነግጣሉ። ዋናው ግቢ አንድ ነው፣ የቴክኖሎጂው ቂጦ ፉርዲሳ ሌላ ነው፣ ግብርናም ራሱን የቻለ ግቢ አለው። አንዷን ልጅ ሦስቱንም አዙሯታል። ሒሳቡን የአንዱን ብቻ ተቀብያለሁ አለ፤ እኔ አምኜዋለሁ። መልስ 10 በሦስት ቃል ደመደመው፤ ጥሪውን አንብቡ፣ አበቃ።

መልስ 11። እንዴት እንደገባ አላውቅም፣ ስለ ታሪክ ተጀመረ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1975 የተመሠረተ አንጋፋ ነው አለ አንድ የጂሲ፣ ማለትም የዘንድሮ ተመራቂ፣ ተማሪ። መልስ 12 አረመው። እሱ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በዚህ ስም የቆመው በ1992 ነው፣ ጤናውና እርሻ ኮሌጁ ተዋሕደው።

መልስ 13። አንድ አባት ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ እርሻ ኮሌጅ የተማሩ። ሁለታችሁም ከመሀል ነው የጀመራችሁት አሉ። እርሻ ትምህርት ቤቱ እንደ ፈረንጆቹ በ1952፣ ከአሜሪካ ኦክላሆማ በመጡ መምህራን እገዛ ነው የተከፈተው። እሳቸው ሲመጡ በጭነት መኪና፣ የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ የቆርቆሮ ሳጥን ታቅፈው ነው። አባታቸው የሸኟቸው እስከ ወንዙ ድረስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ባለ ኮፒ ቤቱ እውነቱን ነው አሉ። ደስ አለኝ።

ደስታዬ አልቆየም። መልስ 14 አክብሮ ጀምሮ ሳያከብር ጨረሰ። አባቴ፣ በእርስዎ ጊዜ ኮሌጅ የገባ በጣት የሚቆጠር ነበር፣ ዲኑም በስም ያውቃችሁ ነበር፤ የዛሬን ልጅ በጆንያ አይለኩት አላቸው። ሽማግሌው አልመለሱለትም። እኔ ብሆን እመልስለት ነበር።

መልስ 15ን ብዙ ሰው ወዶታል፤ እኔም። ከጤና የተመረቀች ናት። ጅማ የሚደርሳችሁ ልጆች አንድ ነገር እወቁ ትላለች፤ እዚህ ትምህርቱ ግማሹ ከግቢ ውጭ ነው። ማኅበረሰብ ተኮር የሚሉት ይሄ ነው። ተማሪ በቡድን ሆኖ ቅጽ ይዞ ቀበሌ ውስጥ ይገባል፣ በር ያንኳኳል፣ ስንት ሰው አላችሁ፣ ውኃ ከየት ነው፣ መጸዳጃ ቤት አላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጤና ተማሪዎች መጨረሻ ላይ እነ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ፣ ሸቤ፣ አጋሮ ወርደው ለሳምንታት አብረው እየኖሩ ይሠራሉ። እሷ መጀመሪያ የተላከችው ሰጦ ሰመሮ ነበር። ጭቃው ጫማዋን በልቶባታል። የመጀመሪያው ቤት እናት ጥያቄዋን ሦስት ጊዜ አስደግመዋት፣ ልጄ ጮክ በይ፣ መጸዳጃ ቤት ማለት ምን ያሳፍራል አሏት። ከዚያ ቡና ቀላ አቀረቡላት፤ የቡና ፍሬ ከነገለባው በቅቤ የተጠበሰ። ቅጹ ላይ የቅቤ ጣት አርፎበት ነው ለአስተማሪ ያስረከበችው። ስሙን እናቱ የምትናገርለት ልጅ የሰው ቤት በር ላይ ቆሞ ስለ መጸዳጃ ቤት እንዴት ይጠይቃል? ብላ እኔን ደገፈች።

ከ16 እስከ 18 ስለ ምግብ ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ከግቢው ካፌ መብላት ይሻላል ወይስ ነን ካፌ ሆኖ የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ውጭ መብላት የሚለው የዘላለም ጥያቄ። ለአንድ ተማሪ የሚያዘው የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉን አንዱ አስታወሰ። ሌላዋ የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሙ ምን እየመረጣችሁ እንደሆነ አንብባችሁ ፈርሙ፣ ከተመረቃችሁ በኋላ ከደመወዝ የሚቆረጠው እሱ ነው አለች። ልክ ናት። ያንን ቅጽ ሳያነቡ ሲፈርሙ በዓይኔ አያለሁ፤ እስክሪብቶ የሚዋሱት ከእኔ ነው። አይመልሱም።

መልስ 19 የሬሜዲያል ተማሪ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ሳያመጣ የማካካሻ ትምህርት ሊወስድ የሚጠራ። እኛስ መቼ ነው የምንጠራው ብሎ ብቻ ነበር የጠየቀው። መልስ 20 ላይ አንዱ ተነሥቶ ያላለፈ ሰው ዩኒቨርሲቲ ምን ይሠራል አለ። ከመቶ ሦስት ሰው በሚያልፍበት አገር ስለ ብርድ ልብስ እንከራከራለን ብሎ አፌዘ።

መልስ 21 መምህር ናቸው መሰለኝ፣ አጻጻፋቸው የሰሌዳ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩን አስተካከሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014ቱ፣ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነበር፤ በ2015 3.2፤ በ2016 5.4፤ በ2017 8.4። ሦስት የሚባለው የድሮ ወሬ ነው። ቀጥለው ሬሜዲያል በነጻ የሚታለፍ እንዳልሆነ አስረዱ። ሲጀመር 70 ከመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ 30ው ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ምዘና ነበር የተያዘው። የሚያልፈው ለፍቶ ነው። የገባውም ቢሆን መውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ከ2015 ጀምሮ 50 ያላመጣ ዲግሪ አይዝም።

መልስ 22። ቁጥር 20 ተመልሶ መጣና ሰደበ። ምን እንዳለ አልጽፍም። መልስ 23 የዚያው የሬሜዲያል ልጅ ነው። ስድቡን አልነካም። ኬሚስትሪ ላይ ነው የወደቅኩት፣ ትምህርት ቤታችን ውስጥ የኬሚስትሪ አስተማሪ የነበረው እስከ ኅዳር ብቻ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሬሜዲያል ማንም አልተናገረም።

መልስ 24። አሁን ወደ ጉዳዩ እንመለስ። የጻፉት ከዳውሮ በኩል የመጡ እናት ናቸው። እርስዎ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ እሳቸው ግን እኔን አንተ ነው ያሉኝ፣ እንደሚገባኝ። ሱቅህ ገብተን ነበር አሉ። ልጄን ስሟን ጠየቅሃት፣ እኔ መለስኩልህ፣ አንተም ፊትህን ቋጠርክ። ለምን እንደመለስኩ ግን አልጠየቅክም።

ልጃቸው አማርኛ ትሰማለች፤ ለመናገር ግን ጊዜ ትፈልጋለች። የተወለደችውም ያደገችውም ዳውርኛ በሚነገርበት ገጠር ነው። እንግሊዝኛውን ብትጠይቃት ትሻልሃለች አሉ። እሳቸው ቅቤ ነጋዴ ስለሆኑ ገበያ ለገበያ ሲዞሩ ነው አማርኛ የለመዱት። አንተ ደግሞ ማሽኑ እየጮኸ፣ ሰው ከኋላ እየተጋፋ፣ እንደ ጥይት ነው የምታወራው። ሦስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ። ልጅቷ የመጀመሪያውን እያሰበች ሦስተኛው ላይ ደርሰሃል። ምን ላድርግ? ሰልፉ እኮ ይጮህብናል አሉ።

ደግሞም የመጣሁት እሷን ላዝል አይደለም አሉ። እኔ ከ4ኛ ክፍል ነው ትዳር ብለው ያስወጡኝ። ልጄ የምትገባበትን በር ማየት አማረኝ። እሱም ለአንተ ጥፋት ከሆነ ይሁን።

ይህን ሳነብ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ማሽኑን አጠፋሁት። ትዝ አሉኝ። ጥቁር ነጠላ፣ እጃቸው ላይ በቆርኪ የተዘጋ ማሰሮ፤ ጭኮ ይሁን ቅቤ አላውቅም። ልጅቷ ግን ትዝ አላለችኝም። ያናደደኝ እሱ ነው። ፎቶዋን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

መልስ 25 የአንድ አባት ነው፤ ከሳቸው ብሶ ተቆጣኝ። አንተ የምታወራው መንገድ ሰላም ለሆነለት ሰው ነው አለ። በእኛ በኩል መኪና የሚሄድበት ቀን አለ፣ የማይሄድበት ቀን አለ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሳምንት ይጠፋል። የ18 ዓመት ሴት ልጅ ብቻዋን ልሰድ? ልጄን ይዤ የመጣሁት ሬጅስትራር ፈርቼ መሰለህ? መልስ 26 እና 27 ደገፉት። አንዷ የእኔን ጽሑፍ የከተሜ ጽሑፍ አለችው። ጅማ ተወልጄ እዚሁ ኮቺ ሰፈር ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከተሜ መባሌ አልከፋኝም፣ ነገሩ ግን ገብቶኛል።

መልስ 28 ነርስ ናት፤ ጠብ አልገባችም። ጥሪው ላይ የማይጻፍ አንድ ዕቃ አለ አለች፤ አጎበር። ከደጋ የሚመጡ ልጆች ጅማን ሲያዩ አረንጓዴ ነው፣ ዝናብ ነው፣ ቀዝቀዝ ይላል፣ ወባ የለም ይላሉ። አለ። ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው፤ ያ ደግሞ ልክ ፍሬሾቹ የሚገቡበት ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ የዶርም ጓደኛችሁ የሰጣችሁን ኪኒን ሳይሆን ምርመራ አስቀድሙ። ናፍቆት ነው ብላችሁ አትተኙ አለች። ይህቺን መልስ አትሜ ሱቄ በር ላይ ለጥፌያለሁ።

ከ29 እስከ 34 ሙሉ በሙሉ ከመስመር ወጣን። ወላጅ ከመጣ አይቀር ምን ይይ ተብሎ ተጀመረ። ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ተባለ። አባ ጅፋር ስማቸው ነው ወይስ ማዕረጋቸው የሚል መጣ፤ የፈረስ ስም ነው ተባለ፣ ጅፋር የሚባል ፈረስ ጌታ ማለት ነው። ከዚያ ቀሪቦ። ጥሩ ቀሪቦ የተቆላ ገብስ ነው ወይስ ስኳር የሚለው ስድስት ሰዓት ፈጀ። በሬሜዲያል የተሰዳደቡት ሰዎች እዚህ ላይ አብረው ሲስቁ አየሁ። እኔ በበኩሌ ስኳር የበዛበት ቀሪቦ ለስላሳ ነው ባይ ነኝ።

መልስ 35 ቁምነገር ጠየቀ። አሁን ስገባ ዲፓርትመንት እመርጣለሁ ወይ? አይ። ከ2012 ወዲህ መጀመሪያ የፍሬሽማን ዓመት አለ፤ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ የመሳሰሉት። ዲፓርትመንት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ ውጤትም ይታያል። ሎጂክን አትናቁ፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ብዙ ኮፒ የሚደረገው የሎጂክ ማስታወሻ ነው።

መልስ 36 የእኔ ነው። ለዳውሮዋ እናት መለስኩ። ፊቴን መቋጠሬን አላስተዋልኩም፣ ግን አምናለሁ፤ ባለቤቴም ትለኛለች። ወላጅ አይምጣ ያልኩትን ትቻለሁ። ልጁ ራሱ ይናገር ያልኩትን ግን አልተውኩም። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግኩ። እዚሁ ጅማ መርካቶ ወርጄ ሦስት የጅማ በርጩማ ገዛሁ፤ እነዚያን ባለ ሦስት እግሮቹን። ከሱቁ በር ውጭ ጥላው ሥር አስቀመጥኳቸው። ወላጅ እዚያ አረፍ ይላል። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ይገባል። እኔም አንድ ጥያቄ ጠይቄ እስኪመለስልኝ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ቀን አምስት ጊዜ ረሳሁ።

መልስ 37 ያው የአምስት ቁጥሩ ሰውዬ ነው። በርጩማው በሰዓት ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ሳቅኩ። መልስ 38 ሽማግሌው የእርሻ ኮሌጁ ናቸው፤ አባታቸው እስከ ወንዙ ብቻ የሸኟቸው ወንዙ ሞልቶ ስለነበረ እንደሆነ ጻፉ። ባይሞላ ኖሮ እስከ ጅማ ይመጡ ነበር አሉ። መልስ 39 ስለ ቀሪቦ ነው።

መልስ 40 ትናንት ማታ መጣ። አጭር ነው፤ ሁለት ፊደል ተሳስቷል። ልጅቷ ናት። ከፎቶዎቹ ሁለቱን ራሷ በምላጭ ስትቆርጥ ጠበውባታል፤ እሑድ ትከፍታለህ ወይ አለችኝ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰባት ሰዓት ላይ እከፍታለሁ አልኳት። ለእናትሽም በርጩማ አለ ብዬ ጨመርኩ። እናቷ ሐሙስ ዕለት እንደተመለሱ ጻፈችልኝ።